«ድሮ ይበቃሽ ነበር» ለሚል ባል ምን ይባላል?

«እትዬ ሰላም ላንቺ ይሁን። አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይተን ነው ምንኖረው፣ ሁለት ልጆች አሉን፣ ትልቁ 4ኛ ክፍል ትንሿ ኬጂ ናት። እሷን ስወልድ ስራ አቁሜ እስካሁን አልተመለስኩም። ባለቤቴ ጥሩ ሰው ነው፣ አይጠጣም አያመሽም፣ የቤት ኪራይና የትምህርት ቤት እሱ ይከፍላል፣ ለኔ ደሞ በየወሩ ለአስቤዛ 12,000 ብር ይሰጠኛል። ይቺ 12,000 ከጥቅምት 2016 ጀምሮ ንቅንቅ ብላ አታውቅም። ጨምርልኝ ስለው "ድሮ ይበቃሽ ነበር እኮ፣ አሁን ምን ነክቶሽ ነው?" ይለኛል። ጭቅጭቅ ስለምጠላ ዝም ብዬ ከሱቅ በዱቤ እወስዳለሁ። የሱቁ 8,600 ደርሷል፣ ከጎረቤቴ 3,000 ተበድሬያለሁ፣ ባለፈው ወር የጆሮ ወርቄን ሸጥኩት፣ ይሄን ሁሉ እሱ አያውቅም። አሁን ደሞ አከራያችን ከጥር ጀምሮ 4,000 ጨምሩ ብላለች፣ ባሌ "ከአስቤዛው እንቀንሳለን" አለኝ። እትዬ እንዴት አድርጌ ላብቃቃው? የወር ወጪዬን ከታች ዘርዝሬልሻለሁ።»

እህቴ፣ ዝርዝርሽን ቁጭ ብዬ ደመርኩት። ጤፍ 30 ኪሎ ከነማስፈጫው 4,500፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት 1,500፣ ሽንኩርት ቲማቲም ድንች ምናምን 2,800፣ ሽሮ ምስር ማካሮኒ ሩዝ 2,600፣ ቡና ስኳር ሻይ 1,500፣ ሳሙና ኦሞ ሶፍት 1,300፣ የልጆቹ ወተት እንቁላልና የምሳ ዕቃ ዳቦ 2,900፣ የመብራት ካርድ 800። በድምሩ 17,900 ብር። ስጋ የለበትም፣ ቅቤ የለበትም፣ በርበሬም አላየሁበትም (መቼም ከእናትሽ ቤት ይመጣልሻል ብዬ ነው)፣ ለራስሽ አንዲት ቅባት እንኳ አልጻፍሽም። እና እንዴት ላብቃቃው ላልሽው መልሴ አጭር ነው፣ አይብቃቃም። 5,900 ብር የጎደለበት ቤት ስኳር በመቀነስ አይሞላም። ይሄን በደንብ ያዢልኝ፣ ምክንያቱም ደብዳቤሽ ከላይ እስከታች የጥፋተኛ ደብዳቤ ነው የሚመስለው፣ አንቺ ደሞ ያጠፋሽው ነገር ቢኖር ሌላ ነው፣ እሱን እመጣበታለሁ።

«ድሮ ይበቃሽ ነበር» ያለው እኮ እውነቱን ነው፣ ይበቃሽ ነበር። ግን ጥቅምት 2016 ማለት ዶላር በባንክ 55 ብር አካባቢ የነበረበት ጊዜ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፣ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ዶላር ከ100 ብር አለፈ፣ ከዛም ወዲህ ወደላይ እንጂ ወደታች አልሄደም። ባልሽ «እኛ ምን አገባን፣ ሽንኩርት የሚመጣው ከመቂ ነው እንጂ ከዱባይ አይደለም» ይል ይሆናል፣ ብዙ ወንዶች ይላሉ። መቂና ባቱ ያለው ገበሬ ውሃ የሚስበው በሞተር ነው፣ ሞተሩ ነዳጅ ይጠጣል፣ ማዳበሪያው በዶላር የተገዛ ነው፣ ሽንኩርቱን ይዞ የሚመጣው አይሱዙ ጎማውም መለዋወጫውም ናፍጣውም ከውጭ ነው፣ ነዳጅ ላይ የነበረው ድጎማ ደሞ ቀስ በቀስ እየተነሳ ነው የመጣው። ስለዚህ ሽንኩርቷ መቂ ተወልዳ አያት እስክትደርስ ስንት ቦታ ዶላር ነክታ ነው ምትመጣው። ዘይቱንማ ተይው፣ አብዛኛው በቀጥታ የውጭ ነው።

አሁን ያጠፋሽውን ልንገርሽና አትቀየሚኝ። ባልሽን 12,000 ይበቃል ብላ ያሳመነችው አንቺ ነሽ። እስቲ በሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው፣ በየወሩ 12,000 ይሰጣል፣ በየወሩ ቤቱ ይበላል ይጠጣል፣ ልጆቹ ምሳ ዕቃቸው ሞልቶ ይሄዳሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ቡናው ይፈላል። ታዲያ ምን አይቶ ነው ሚጨምረው? «ጨምርልኝ» ስትዪው በጆሮው የሚሰማውና በዓይኑ የሚያየው አልገናኝ አለው። ጉድለቱን የሞሉት ባለሱቁ፣ ጎረቤትሽና የጆሮ ወርቅሽ ናቸው፣ እነሱን ደሞ ደብቀሽዋል። በጭቅጭቅ ፍርሃት የተደረገ ነገር እንደሆነ ይገባኛል፣ እንዳንቺ የሚያደርጉ ሴቶች ብዛታቸው ለጉድ ነው፣ ግን በዚሁ ከቀጠለ አንድ ቀን ባለሱቁ ራሱ መንገድ ላይ አስቁሞ «ጋሼ ያቺ ሂሳብ...» ይለዋል፣ ያኔ ወሬው የኑሮ ውድነት መሆኑ ይቀርና የመደባበቅ ይሆናል።

ስለዚህ መጀመሪያ ዕዳውን ንገሪው፣ ጭማሪ ከመጠየቅሽ በፊት። ማታ አይሁን፣ ታክሲ ሰልፍ ሲጋፋ አምሽቶ እራቱን ሳይበላ ቁጥር ብትደረድሪበት የሚመልስልሽ ቁጣ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ከተበላ በኋላ፣ ልጆቹ ሜዳ ሲወርዱ። ነገሩን በስሞታ አትጀምሪው፣ «አንተ መች ገበያ ታውቃለህ»፣ «የእከሊት ባል እንደዚህ ይሰጣታል» የሚባል ነገር ከአፍሽ እንዳይወጣ፣ በተለይ ሁለተኛው ሰው ይገድላል። እንዲህ በዪው፣ «11,600 ብር ዕዳ አለብኝ፣ የጆሮ ወርቄንም ሸጫለሁ፣ ለራሴ አንድም ነገር አልገዛሁበትም፣ ወረቀቱ ይኸው»። ለኔ የላክሽውን ዝርዝር ነው ምትሰጪው። ይቆጣል፣ ይቆጣ። መደበቅሽ ላይ ቢቆጣ ልክ ነው ብለሽ ተቀበዪው፣ ገንዘቡ ላይ ቢቆጣ ግን ወረቀቱን ብቻ አሳዪው።

በነጋታው ከቤተክርስቲያን መልስ (ወይም እንደየእምነታችሁ) ይዘሽው እሁድ ገበያ ሂጂ። ብሩን እሱ ይያዝ፣ ዋጋም እሱ ይጠይቅ፣ አንቺ ዘንቢሉን ብቻ ያዢ። አትናገሪ፣ «አየህ?» አትበዪ። አንድ ወንድ ዘይት፣ ሁለት ዓይነት ሽሮ ክክና ለሳምንት የሚሆን ሽንኩርት በራሱ እጅ ከፍሎ ሲመለስ የሚያወራው ወሬ ይቀየራል፣ ከእሁድ እስከ ማክሰኞ ስለ ኑሮ ውድነት ላንቺ መልሶ ማስረዳት ሁላ ሊጀምር ይችላል፣ ሳቅሽን ዋጥ አድርገሽ ስሚው። ካልተዋጠለት ደሞ አንድ ወር ሙሉ አስቤዛውን እሱ ይያዝ በዪው፣ የምርሽን፣ ያለ ኩርፊያ።

ስለ ጭማሪው ስታወሩ አንድ ነገር ልሰጥሽ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ የደሞዝ ገቢ ግብር ተሻሽሏል፣ ድሮ ግብር የማይነካው እስከ 600 ብር ያለው ነበር፣ አሁን እስከ 2,000 ብር ነው፣ ከዛ በላይ ያሉት እርከኖችም አብረው ተገፍተዋል። ባልሽ ያልተጣራ ደሞዙ ከ14,000 በላይ ከሆነ (ኪራይና ትምህርት ቤት ችሎ 12,000 የሚሰጥ ሰው መቼም ይሆናል) በወር 550 ብር ግብር ቀንሶለታል ማለት ነው። ብዙ ሰው አላስተዋለውም፣ ምክንያቱም ብሩ ባንክ ገብቶ በታክሲ ያልቃል። «የት አደረስከው» ለማለት አይደለም፣ ሂሳቡን ስትጀምሩ ከሱ ኪስ ያልወጣ፣ በቀጥታ ወደ አስቤዛው ሊዞር የሚችል የመጀመሪያ 550 እሱ ነው።

የአከራይሽን ነገር ሳነብ ነው በጣም የተናደድኩት። 4,000 ከአስቤዛ ይቀነስ ማለት ከ12,000 ወደ 8,000 ማለት እኮ ነው፣ ያ ጤፍና ዘይት ገዝቶ 2,000 ብር ያተርፋል፣ የወተቷ እንኳን ከዛ በላይ ናት! ይልቅ ውላችሁን አውጡና እዩት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ 1320/2016 የሚባል አለ። ውል ከ2 ዓመት ባነሰ አይገባም ይላል፣ ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት ይላል፣ ኪራይ የሚጨመረው በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም የሚመለከተው አካል ካወጣው ጣሪያ ሳያልፍ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር በላይ መጠየቅ አይቻልም። እርግጥ ወረቀቱ ላይ ያለውና ግቢው ውስጥ ያለው ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፣ «ልጄ ከውጭ ልትመጣ ስለሆነ ቤቱን እፈልገዋለሁ» የምትለዋን ዘፈን ያልሰማ ተከራይ አዲስ አበባ ውስጥ የለም፣ ሰው ደሞ ልጅ ይዞ በጥር ቤት ፍለጋ መውጣት ይፈራል። ቢሆንም ወረዳው ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሄዶ መጠየቅ አያስወጣም። ውላችሁ ተመዝግቦ ከሆነ እጃችሁ ጠንካራ ነው፣ ካልተመዘገበም ባልሽ ለአከራይዋ በትህትና «እትዬ ውሉን አስመዝግበን በመንግስት ጣሪያ እንጨምርልሽ» ቢላት 4,000 የነበረው ድርድር ወደሌላ ቁጥር ይወርዳል። ሳይሞክር «ከአስቤዛ እንቀንስ» ያለው ካንቺ ጋር መከራከር ከሷ ጋር ከመከራከር ስለሚቀለው ነው። ይሄን ግን አትንገሪው።

እሺ፣ አንቺ በበኩልሽ የምትቀንሺው የለም ወይ? አለ። ግን ቢበዛ ቢበዛ 2,000 ብር ነው፣ ከዛ በላይ አድናለሁ ካልሽ ከልጆቹ ምሳ ዕቃ ነው ምትወስጂው።

ትልቁ ጤፉ ነው። ነጭ ጤፍ እንደምትገዢ ጽፈሻል። ሰርገኛ ግዢ፣ ወይ ግማሽ በግማሽ አድርጊው፣ ቀይ ጤፍ ድሮ የድሃ ይባል ነበር አሁን ሃኪሙ ሁሉ ብሉ የሚለው ነው። ነጭ ማሽላ ሩብ ያህል ብትጨምሪበት እንጀራው አይበላሽም፣ ልጆቹም አይለዩትም፣ ሩዝ ከጨመርሽ ግን በማግስቱ ይደርቃል፣ ለዛ ቀን ለሚበላ ካልሆነ አልመክርሽም። መቀላቀል አይመቸኝም የምትዪ ከሆነ ደሞ ልንገርሽ፣ የተፈጨ ጤፍ ከገዛሽ ብዙ ጊዜ ነጋዴው ቀላቅሎልሻል፣ ልዩነቱ እሱ በጤፍ ዋጋ ነው ሚሸጥልሽ። እህሉን ግዢ፣ አበጥሪ፣ ወፍጮ ቤት ቆመሽ አስፈጪ። ደሞ ጤፍ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው የሚታጨደው፣ አውድማው ካለቀ በኋላ ገበያ ሲገባ ሻል ይላል፣ ክረምት ሲመጣ ይወደዳል። ከሁለት ጎረቤት ጋር ሆናችሁ በጥር አንድ ኩንታል ብትካፈሉ ከወፍጮ ቤት በኪሎ ከመግዛት ጋር ልዩነቱን ታዪዋለሽ። ላንቺ ለሚ ኩራ ያለው የገበያ ማዕከል ቅርብሽ ነው፣ እሁድ ገበያ ደሞ በጠዋት ነው፣ ረፈድ ካለ ሚቀርሽ የተጨማለቀው ቲማቲም ነው።

ከዛ ምጣዱ። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካባቢ ይስባል፣ እቤትሽ ካለው ዕቃ ሁሉ በላተኛው እሱ ነው፣ የቲቪና የአምፖል ነገር ከሱ ጋር አይወራም። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ ለ4 ዓመት እንዲሄድ ተደርጎ የወጣ ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር ደሞ የአንዱ ዋጋ ራሱ ይጨምራል፣ በወር ከ200 ኪሎ ዋት ሰዓት ካለፍሽ ቫትም አለበት። በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ የምትጋግሪ ከሆነ ሦስቴ ምጣድ ማሞቂያ ነው ምትከፍዪው፣ ሁለቴ አድርጊው። እንደውም ጎረቤትሽ (ያቺው ያበደረችሽ) ሊጡዋን ይዛ ትምጣና ምጣዱ እንደጋለ ተከታትላችሁ ጋግሩ፣ በሚቀጥለው ደሞ በሷ ቆጣሪ። የመጨረሻዎቹን ሁለት እንጀራ ነቅለሽ ነው ምትጋግሪው፣ ሙቀቱ ይበቃል፣ እሱን ካወጣሽ በኋላም ቆሎ ይቆላበታል፣ ለመክሰስ ከብስኩት ይሻላል።

ሱቅ ላይ በዱቤ ስለምትወስጂ ሁሉን ነገር በትንሽ በትንሹ ነው ምትወስጂው፣ ስኳር በሩብ ኪሎ፣ ኦሞ በፌስታል። ይሄ ነው ቀስ ብሎ የሚያርድሽ። ባለሱቁ ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ እሱም ከመርካቶ በጥሬ ብር ገዝቶ ላንቺ ወር ይጠብቃል፣ የጠበቀበትን ዋጋው ላይ ይደርባል። ያለምንም ጭማሪ ዱቤውን ብቻ ብታቆሚው ወሩ ላይ ለውጥ ታያለሽ። በስልክ የሚሰጡትን ብድሮች ግን እንዳትነኪ፣ ለአስቤዛ አይሆኑም፣ ክፍያ ይቆረጥባቸዋል፣ ቀን ካለፈ ቅጣት አለው፣ ደሞዝ የሌላት ሴት በምን ትከፍለዋለች።

ሌላ ዝርዝሩ ውስጥ ያላስገባሽው ግን ደብዳቤው መሀል (እዚህ ባላወጣሁት ክፍል) ያመለጠሽ ነገር አለ፣ «ለልጄ ክፍል ልደት ኬክ ተዋጥቶ»፣ «የኬጂ ምረቃ የጋውን ክፍያ»። ኧረ ኬጂ ተመርቆ የት ነው ሚቀጠረው? እነዚህን እምቢ ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ልጅቷ ብቻዋን ያለ ጋውን ፎቶ ስትነሳ ማየት ያማል፣ ግን እናንተ ወላጆች እኮ ሃያ ሰላሳ ሆናችሁ ሁላችሁም በልባችሁ እየተቃጠላችሁ ነው ምትከፍሉት። የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዷ «ዘንድሮ በዳቦና በፈንዲሻ ብናደርገው?» ብትል የሚከተላት ስንት ነው መሰለሽ፣ ያቺ አንዷ አንቺ ሁኚ። ዕድሩን ግን እንዳትቀንሺ፣ በችግር ጊዜ መጀመሪያ ከሚቆረጡት ውስጥ አትክተቺው። በዓል ላይም ቅርጫ ግቡ እንጂ ለበግ አትበደሩ፣ ፋሲካ ሲደርስ ደሞ እንቁላልና ቅቤ የሚወደደው የመጨረሻው ሳምንት ላይ ነው፣ ሁዳዴ አጋማሽ ላይ ፈላጊ ሲቀንስ ቅቤውን ገዝተሽ አንጥረሽ አስቀምጪው።

ስራ መመለሱን አንቺ ራስሽ አላነሳሽውም፣ እኔም በዚህ ደብዳቤ አልጫንሽም፣ ትንሿ ኬጂ ከገባች ግማሽ ቀን ነጻ ነሽ ግን ሰራተኛ መቅጠርና ታክሲ ተደምሮ የሚተርፈውን አስልታችሁ ነው የሚወሰነው። እንጀራ ጋግሮ መሸጥም የሚሉሽ ይኖራሉ፣ የጤፉንና የመብራቱን ሳታሰዪ እንዳትገቢበት።

እና ስትደራደሪ ቁጥርሽ ይሄ ነው፣ ከ17,900 ላይ 2,000ውን እኔ እቀንሳለሁ በዪው፣ ስለዚህ 15,900 ነው የምፈልገው፣ 12,000 አለ፣ 550ው ከግብር የመጣ ነው፣ የቀረው 3,350 ነው። ይሄን ይችላል አይችልም እሱ ነው የሚያውቀው፣ ካልቻለ ኪራዩ ረከስ ወዳለበት ሰፈር መውጣትን ወይ ልጁን ወደ መንግስት ትምህርት ቤት ማዛወርን አንድ ላይ ታወራላችሁ፣ ያ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው እንጂ የአስቤዛ ያዥዋ ብቻ አይደለም። ወርቁን አሁን አትቁጠሪው፣ ሌላ ግን እንዳትሸጪ። ከሚመጣው ደሞዝ ላይ ደሞ ዕዳ ስትከፍሉ ባለሱቁ ጮክ ብሎ ስለሚጠይቅ እሱን እንዳታስቀድሙ፣ መጀመሪያ የጎረቤትሽ 3,000 ይከፈል። እሷ ያለ ወለድ ነው የሰጠችሽ፣ ለሷም ወሩ ያው ነው። ለባለሱቁ በየወሩ ቁርጥ ያለ 1,500 እንደምትሰጪው ንገሪውና ደብተሩን ዝጊው፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ከሱ በጥሬ ብር ብቻ።